ቀዩ ከላይ

ስፌት ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። በፊት ለፊት በኩል ባጃጆች ይጮኻሉ። በጓሮ በኩል ግን አጥሩን አልፋችሁ ትንሽ ከተራመዳችሁ ከተማው ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገብስ ነው፣ ከብት ነው፣ ባህር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ጫፏ ላይ እንዲህ ናት። በአንድ በኩል ሊፍት የሌለው ፎቅ፣ በሌላ በኩል ፈረስ።

ወተት የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጡት። አባባ ነው የምላቸው። ዛሬ ዛሬ ወተት አመላላሹ ሁሉ ሞተር ገዝቷል። እሳቸው ግን አሁንም በፈረስ ናቸው። ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ቦራን የብሎካችን ሕፃናት በሙሉ ያውቁታል። የካሮት ቅጠል እያጎረሱ አሞላቅቀውታል።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ያለ ወተት መጡ። ፈረሱን ከመብራት እንጨቱ ጋር አሰሩና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ባንዲራ ትሰፊያለሽ?»

«ባንዲራማ መርካቶ ሞልቶ የለም እንዴ አባባ? ምን አለፋዎት?»

«የመርካቶውን አይደለም። ዓድዋ ላይ ፈረሰኞቹ የያዙትን ነው የምፈልገው። የዚያን አምሳያ።»

አባባና አሥር የሚሆኑ የአካባቢው ፈረሰኞች በየዓመቱ የካቲት 23 ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ወደ አራዳ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይወርዳሉ። ባለፈው ጊዜ እዚያ ሲደርሱ የያዙት ባንዲራ ሰው ሁሉ ከያዘው ጋር አንድ ሆነባቸው። ባለመኪናውም ያንኑ ሰቅሏል፣ ቲሸርት ሻጩም ያንኑ ያዞራል። «እኛ በፈረስ የመጣን ሰዎች ነን። አያቴ ያየውን ነው መያዝ ያለብኝ» አሉኝ። አያታቸው ዓድዋ በፈረስ የዘመቱ ሰው ናቸው። ከእሳቸው የቀረው አንድ ኮርቻ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አሳይተውኛል፤ ቆዳው ደርቆ እንጨት ሆኗል።

ጥር የሰርግ ወር ነው። የሚዜ ቀሚሶች ተደርድረው እየጠበቁኝ ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝና «እሺ» አልኩ። ደግሞ ቀላል መስሎኝ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ መሐሉ ላይ አንበሳ፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ። የሁለት ቀን ሥራ።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። ማታ የአንበሳውን ሥዕል ከስልኩ ላይ እንዲፈልግልኝ ጠየቅኩት። ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ከዚያ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ማሚ፣ በዓድዋ ጊዜ እኮ እንዲህ ዓይነት ባንዲራ አልነበረም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው አልነበረም?»

አሳየኝ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ አንድ ላይ የተሰፉት ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከድሉ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ ለየብቻ ነበሩ። ሦስት ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ ጨርቆች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ይውለበለቡ ነበር። በ1890 ሲሰፉ ደግሞ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ሆነ። መሐሉ ላይ የምኒልክ ስም መጀመሪያ ፊደል፣ «ም»፣ ተቀመጠ። ቀለማቱ ዛሬ የምናውቀውን ቅደም ተከተል የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው።

አላመንኩም። ለምን አላመንኩም? በሥዕሎቹ ምክንያት ነው። የዓድዋን ሥዕል የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ክትፎ ቤት ግድግዳ ላይ አለ፣ በቆዳ ላይ ተስሎ ሽሮ ሜዳ ይሸጣል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከሰማይ ይወርዳል። በአንድ ወገን ምኒልክና ጣይቱ፣ በሌላ ወገን ጣልያን። የእኛዎቹ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ጠላት በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ አለው። ባንዲራውም እዚያው አለ፤ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ቀለም፣ ጥርት ያለ።

ለካ አብዛኞቹ ሥዕሎች የተሳሉት ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሠዓሊዎቹ በዘመናቸው የሚያውቁትን ባንዲራ ወደ ኋላ ወስደው ዓድዋ ላይ ተከሉት። አልፈርድባቸውም። እኔም የማደርገው ነው። «የድሮ የሸዋ ቀሚስ» ብለው ያዙኛል፤ እኔ ጀርባው ላይ ዚፕ አደርግበታለሁ። እትጌ ጣይቱ ዚፕ አልነበራቸውም። ግን ሙሽራዋ በምን ትለብሰዋለች?

በነገራችን ላይ «ባንዲራ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ዓድዋን ለማክበር በጣልያንኛ የሚጠራ ነገር ይዘን እንወጣለን ማለት ነው። ይህን ለአባባ ብነግራቸው ሳቁና፣ «ማርከነዋል በያ» አሉ። «ሰንደቅ ዓላማ» ስንል ደግሞ ሰንደቁ ዘንጉ ነው፣ ዓላማው ምልክቱ። የያዝነው ጨርቅ ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው የያዝነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ እንጨቱን ረስቼው ነበር። እንጨቱ በኋላ እንዴት እንዳስለቀሰኝ እነግራችኋለሁ።

ስለ አንበሳውና ስለ ኮከቡ ክርክር ውስጥ አልገባም። እሱን የምትፈልጉ ሰዎች ታክሲ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አሁን ጥያቄው ሌላ ሆነ። ፈረሰኛው ያን ያህል ሕዝብ መሐል፣ ጭስና አቧራ ውስጥ፣ የት መሆን እንዳለበት በምን ያውቅ ነበር? የፈረንጅ ጦር ቢሆን መልሱ ባንዲራ ነው። የእኛዎቹን ግን ሳነብ ሳነብ ዓይኔ ሳይሆን ጆሮዬ ነው የተከፈተው። ነጋሪት ነበር። ነጋሪት በበቅሎ ተጭኖ ይጎሰማል፤ የባለቤቱ ሹመት በነጋሪቱ ብዛት ይታወቃል። እምቢልታና መለከት ነበር። ሰፈሩ ሲሰፍር የንጉሠ ነገሥቱ ቀይ ድንኳን መሐል ይተከላል፤ ሌላው ሁሉ ቦታውን ከዚያ ቆጥሮ ያገኛል። ማዕረጉ ራሱ የቦታ ስም ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ፊታውራሪ የፊቱ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የፈረስ ስም ነበር።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ለምን እንደነበረ አስቤው አላውቅም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጌታው በፈረሱ ስም «የእገሌ አባት» ተብሎ ይጠራል። ወታደሩ ሲፎክር «ያባ ዳኘው አሽከር!» ይላል። የወላጆቹን ስም አይደለም የሚያስቀድመው፣ የአገሩንም አይደለም። የጌታውን ፈረስ ነው። አቧራ ውስጥ ጨርቅ አይታይም። ድምፅ ግን ይሰማል። የጮኸው ሰው የማን ወገን እንደሆነ በአንድ ቃል ታውቃለህ። ስሙም ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ይሄዳል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን ከሞቱ አርባ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ፈረሱማ ከዚያም በፊት ሳይሞት አይቀርም። በመርከብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተ እግረኛ ጦር በፈረስ ስም ተጠራ።

ታዲያ የዚህን አምሳያ በምን ጨርቅ ልስፋው?

ለአባባ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ በሩ አገጫቸውን ቀስረው፣ «ቦራ እኮ ወተት ነው የሚጭነው። እኔንስ አባ ወተት ልትሉኝ ነው?» አሉ። ቀጥለው ግን ያልጠበቅኩትን አመጡ። ሰገሌን አነሱ።

ሰገሌ የዚሁ የእኛ መንገድ ነው። ከለገጣፎ ሰንዳፋ፣ ከዚያም ወዲያ ነው፤ በደሴ መስመር። አባባ የሰገሌን ነገር ከአባታቸው ሰምተዋል። በዓድዋ ዕለት የጣልያኑ የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ከዋናው ጦር ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ላይ ሲቀር፣ ካጠፉት መሐል የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ነበሩ። የወሎ ፈረስ። የሚካኤል የፈረስ ስም አባ ሻንቆ ነው። ሃያ ዓመት አለፈ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ያው ሚካኤል፣ አሁን ንጉሥ ሆነው፣ የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ሊያስመልሱ ወደ ሸዋ መጡ። ሰገሌ ላይ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጠበቋቸው። ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ዓድዋ ላይ አባ ሻንቆና አባ መላ በአንድ ወገን ነበሩ። ሰገሌ ላይ አንዱ በዚያ፣ አንዱ በዚህ።

«ለዚያኛው አምሳያ አሠርቶ የሚሰለፍለት የለም» አሉ አባባ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጨምርም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሰንዳፋ የሚሄድ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ወደ ስፌቱ ልመለስ። ሦስቱን ለየብቻ ልሰፋቸው ወሰንኩ። አባባም ተስማሙ፤ «እንደነበረው አድርጊው» አሉ። ልጄ ግን ለቀቅ አላደረገኝም።

«ማሚ፣ ይሄ እኮ ፎርጅድ ነው።»

«ፎርጅድ አይደለም። አምሳያ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፎርጅድ ኦሪጅናል ነኝ ይላል። ይሄ ምንም አይልም።»

አልተዋጠለትም። «ኦሪጅናል የፈረሰኛ ባንዲራ ስንት ያወጣል?» ብሎ ፈልጎ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አመጣልኝ። እ.ኤ.አ. በ1876 ሊትል ቢግሆርን በሚባል ወንዝ አጠገብ ኩስተር የሚባል አዛዥ የመራው የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ሬጅመንት ከአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ከላኮታና ከሸየን ተዋጊዎች ጋር ገጥሞ ኩስተር ከነተከተሉት ወታደሮች አለቀ። ከቀናት በኋላ አስከሬን የሚቀብሩ ወታደሮች ከአንዱ ሬሳ ሥር አንዲት ትንሽ ባንዲራ አገኙ። በ1895 ዲትሮይት ያለ ሙዚየም በ54 ዶላር ገዛት። በ2010 ያቺው ጨርቅ በጨረታ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ወጣች። ልጄ ዶላሩን በብር እያባዛ ሲጮህ እኔ ዓይኔ የጨርቁ ቅርጽ ላይ ነበር። ጫፏ እንደ ወፍ ጭራ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። መጠኗም ትንሽ ናት፤ ቁመቷ 70 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይቺን ሳይ ሁለት ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው፣ የፈረሰኛ ባንዲራ ትንሽ መሆን አለበት። እግረኛ ትልቁን ይሸከማል። ፈረሰኛ ግን እየጋለበ ነው፤ ንፋሱ ጨርቁን ሲጎትት ክንዱንም አብሮ ይጎትታል። ሁለተኛው የጫፉ ነገር ነው። ጨርቅ ሲውለበለብ የሚበጣጠሰው ከዘንጉ የራቀው ጫፍ ነው፤ በተለይ ማዕዘኖቹ። እንደ ጅራፍ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይተለተላሉ። ስለዚህ ወይ እንደ አሜሪካኖቹ መሐሉን ታወጣለህ፣ ወይ እንደ እኛ ሰዎች ጫፉን ታሾለዋለህ። የእኛዎቹ ሦስት ማዕዘን የሆነው ለውበት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ ይህን ከልጄ ስልክ ተማርኩ።

ጨርቁን መርካቶ ገዛሁ። ሻጩ ለባንዲራ እንደሆነ ሲሰማ ቀጥታ ሳቲን አወረደ። የሚያብለጨልጨውን። አቡጀዲ ዓይነት፣ ደረቅ ያለ ጥጥ ነው የምፈልገው ስለው፣ «እሱ ለትራስ ልብስ ነው የኔ እህት፣ ባንዲራ እኮ ማብረቅ አለበት» አለኝ። ሳቲን ካሜራ ይወዳል። መርፌ ግን አይወድም፤ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ይፈታል። ደግሞ በምኒልክ ዘመን ገበያውን ሞልቶት የነበረው አቡጀዲ ነው። ቀዩንና ቢጫውን በጥጥ አገኘሁ። አረንጓዴው እምቢ አለኝ። ሁሉም ወይ የሆስፒታል አረንጓዴ ነው፣ ወይ የትምህርት ቤት ሹራብ። አምስተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ።

እያንዳንዱን በዘንጉ በኩል 45 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱን 1 ሜትር ከ20 አድርጌ ቆረጥኩ። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ በድርብ ስፌት መታሁት። ጫፉን በእጄ ነው የቀመቀምኩት፤ ማሽኑ እዚያ ሹል ቦታ ላይ ሲደርስ ጨርቁን ይበላዋል። ሲንጀሬን ብወዳትም እውነቱን መናገር አለብኝ። በዘንጉ በኩል እንጨት የሚገባበት እጅጌ ሠራሁ። ቀዩን ከላይ፣ ቢጫውን መሐል፣ አረንጓዴውን ከታች። በ1890 የተሰፋውን ተከትዬ ነው።

አሁን እንጨቱ። መጀመሪያ ባህር ዛፍ ቆርጠው አመጡ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ጨርቁን አግብተን አባባ ፈረስ ላይ ሲወጡ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ለካ የፈረንጅ ፈረሰኛ የዘንጉን ግርጌ እርካቡ ላይ ባለ ማስገቢያ ነው የሚያሳርፈው። ክብደቱን የሚሸከመው ፈረሱ ነው። የአያታቸው እርካብ ግን ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፤ አውራ ጣት ብቻ ነው የምትገባበት። በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው የተሠራ ነው። እዚያ ላይ ምን ይቆማል? እኔ አንድ ሙሉ ቀን ከቆዳ ማስገቢያ ልሰፋ ስታገል ዋልኩ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ። በመጨረሻ አንዱ ወጣት ፈረሰኛ ቀርከሃ ይዞ መጣ። ቀለለ። ነገሩ አለቀ። የሰፋሁት ቆዳ አሁን የመቀስ ማስቀመጫ ነው።

ሁሉም ተሟላ ብለን ወደ ሜዳው ወጣን። ከብሎኩ ጀርባ፣ ገብሱ የታጨደበት ቦታ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። አባባ ዘንጉን አነሱ። የየካቲት ንፋስ መጣ። ሦስቱ ጨርቆች በአንድ ላይ ጠ! አሉ። ቦራ ወደ ጎን ዘለለ። ባጃጅና ውሻ የማያስደነግጠው ፈረስ፣ በሦስት ሜትር ጨርቅ በረገገ። አባባ ባይጠነክሩ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ ጅራፍም አላነሱ። ወርደው አንገቱን ዳበሱት። ከዚያ አረንጓዴውን ብቻ አውጥተው በረቱ ውስጥ ገብስ የሚበላበት ገንዳ ላይ አነጠፉት። በማግስቱም እንደዚያው። ለመብላት ጨርቁን በአፍንጫው መግፋት አለበት። በሦስተኛው ቀን ቢጫውን በሩ ላይ ሰቀሉት፤ ሲገባና ሲወጣ ጀርባውን ያብሰዋል። ቀዩን መጨረሻ ላይ አመጡት። ልጃቸው አርቆ ያውለበልበዋል፣ አባባ ፈረሱን ይዘው ያወሩታል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀርባል። ሳምንት ሲሞላው ቦራ ጨርቁን ማኘክ ጀመረ። አንዱን ጠርዝ እንደገና ሰፋሁ።

ለፈረሱ ይህን ያህል ከተለፋ፣ በ1888 ስንት ፈረስ እንዲህ ተለማምዶ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ከጨርቁም በላይ መድፍ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። ጥሩ ተረት ነው። ግን ጥይት ወዳለበት ማድረስስ ቀላል ነው?

ዋናው ችግር የመጣው ከሰው ነው። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የቀሩት ፈረሰኞች ሊያዩ ሱቄ መጡ። ዘንጉን አቆምኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀርከሃውን ያመጣው ወጣት፣ «ገለበጥሽው እኮ!» አለ።

«አልገለበጥኩም። ያኔ ቀዩ ከላይ ነበር።»

«ቀይ ከላይ? አራዳ ሳንደርስ ነው የሚያስቆሙን። ባንዲራ ዘቅዝቀው መጡ ነው የሚሉን።»

የ1890ውን ነገር አስረዳሁ። ልጄም ስልኩን አሳያቸው። አመኑኝ። ግን ማመናቸው አልጠቀመም። «እኛስ ገባን፣ እህቴ። መንገድ ላይ ያለው ሰው በምን ይወቅ? ጽሑፍ አንጠልጥለን ልንሄድ ነው?» አለኝ። ሌላው «አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርጊውና ይለቅ» አለ። ሌላው ደግሞ «የዘንድሮውን በመርካቶው እንወጣው» አለ።

እልህ ያዘኝ። አረንጓዴውን ወደ ላይ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እጅጌውን ማውጣትና ማስገባት። ግን ያን ካደረግኩ የሰፋሁት የዓድዋ አምሳያ ሳይሆን የዛሬው ባንዲራ ተቆራርጦ ነው። እነሱም እውነት አላቸው። በዓል የሚወጣው ለማስተማር አይደለም። ማንም ሰው በገዛ በዓሉ «ዘቅዝቀኸዋል» ተብሎ መሰደብ አይፈልግም። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ቡናው በረደ።

አባባ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀዩን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሦስት አይደሉም እንዴ?» አሉ።

«ሦስት ናቸው።»

«እንግዲያው ሦስት ሰው ይያዛቸው።»

ወጣቱ ሳቀ። እኔ ግን ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። እነዚያ ጨርቆች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ነው የሚውለበለቡት። ሦስት ቦታ ከሄዱ አምሳያነቱ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ የትኛው ከላይ ነው የሚል ጥያቄ የለም። ሦስቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። የሚቀድመው የሚጋልበው ነው። ሁለት ተጨማሪ ቀርከሃ መጣ። ወጣቱ ቀዩን ወሰደ። አንድ ዝምተኛ ሰው አረንጓዴውን። አባባ ቢጫውን።

የካቲት 23 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከእኛ እስከ አራዳ ለፈረስ ረጅም ነው። በካራ፣ በኮተቤ፣ በመገናኛ አድርጎ ነው። አስፋልት ለኮቴ ጥሩ ስላልሆነ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። እኔም ጋቢ ደርቤ ከብሎኩ በር ላይ ቆምኩ። ልጄን ቀሰቀስኩት፣ እያጉረመረመ ወረደ። ብርድ ነበር። የመንገዱ መብራት ደግሞ ጠፍቷል።

መጀመሪያ ኮቴ ነው የሰማሁት። ከዚያ የልጓም ብረት። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ ፈረሶች ወጡ፤ ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል። ጨርቆቹን ፈለግኩ። አሉ፤ ይውለበለባሉ። ግን ቀለም የላቸውም። ሦስቱም ጥቁር ናቸው። ያን ያህል የተጨቃጨቅንበት ቀይና አረንጓዴ በዚያ ሰዓት አንድ ነበር። ማንኛው አባባ እንደሆኑ እንኳ መለየት አቃተኝ።

ልጄ ድንገት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«አባ ወተት!»

ከፊት ካሉት አንዱ ዘንጉን ከፍ አደረገ። ፈረሰኞቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከኋላ ያለው ወጣት ተቀበለና «ያባ ወተት አሽከር!» እያለ አለፈ። ካራ መታጠፊያ እስኪደርሱ ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔ አራዳ አልሄድኩም። የሚዜ ቀሚስ ነበረብኝ። ማታ ልጄ ሰው የለጠፈውን ፎቶ አሳየኝ። ከሃውልቱ አጠገብ፣ ሕዝብ መሐል፣ ቀዩ ከፊት ነው፣ ቢጫው ከኋላ ቀርቷል፣ አረንጓዴው ግማሹ በሰው ጃንጥላ ተሸፍኗል። በሌላኛው ፎቶ ላይ ቢጫው ቀድሟል። ከሥሩ አንድ ሰው «የየትኛው ክለብ ባንዲራ ነው?» ብሎ ጽፏል።

በማግስቱ አባባ ወተቱን ከነጨርቆቹ ይዘው መጡ። የቀዩ ጫፍ ተተልትሏል። ወጣቱ ጃንሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወት አልለቀውም ብሎ ነው አሉ። አራት ጣት ያህል ቆረጥኩና እንደገና በእጄ ቀመቀምኩት። አሁን ከሁለቱ ያጥራል። ቢጫው ላይ የቦራ ጸጉር ተጣብቋል። ሒሳብ ስል «በወተት ይካካሳል» አሉኝ። ምን ያህል ወተት እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።

ጨርቆቹን አጣጥፈው ኮርቻው ሥር ሸጎጡና ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ነጋሪት የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?»